አያ ደግሰው የሰሙት ሙሾ

ለተሥላሴ የአያ ደግሰውን እግር ያየችው ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር። ልትጠይቃቸው ገብታ ብርድ ልብሱን ስታስተካክል ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል፤ ጣቷ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። አዋላጅ ነርስ ናት፤ በሰቆጣ ዙሪያ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። የልብ ሕመም እንዲህ ወደ እግር ሲወርድ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም። ሐኪሙም የሚሰጠውን መድኃኒት ሰጥቶ፣ ከዚያ በላይ የሚደረግ እንደሌለ ለባለቤታቸው ለእትዬ ብርሃነሽ በጆሯቸው ነግሯቸዋል። ለተሥላሴ እግራቸውን መልሳ ሸፈነችና ስለ ገበያው ታወራ ጀመር። ከቤቱ ስትወጣ ግን አንድ ነገር ብቻ በልቧ ይመላለስ ነበር። እኒህን ሰው ሳላመሰግናቸው ሊያመልጡኝ ነው።

እስከዚያ ቀን ያላመሰገነቻቸው ውለታ ረስታ አይደለም። እሳቸው አያስመሰግኑም ነበር።

ከደሃና ወደ ሰቆጣ የመጣችው ዘጠነኛ ክፍል ልትማር ነው። እንደ ገጠር ልጅ ሁሉ ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ በሳምንቱ መጨረሻ አገሯ እየሄደች፣ ስንቋን ተሸክማ እየተመለሰች ትማር ነበር። ድርቁ ሲገባ ከእናቷ ቤት የሚቋጠር ስንቅ ጠፋ። ጓደኞቿም ትምህርቱን እየተዉ ወደየቀያቸው ተመለሱ። እሷ ትንሽ ልቆይበት ብላ፣ የምትተኛበትን አጎዛ ጠቅልላ፣ ቆዳ ይገዛሉ ወደተባሉት ሰው ቤት ልትሸጠው ሄደች። አያ ደግሰው አጎዛውን ተቀብለው ገለባበጡት፤ ጠጉሩን በመዳፋቸው አሹት።

“አንቺ በምን ልትተኚ ነው?” አሏት።

ዓይኗን ከአጎዛው ላይ አላነሣችም።

“ይህ ገና ሰው የሚተኛበት ነው፤ እንዲህ ያለ ቆዳ አልገዛም” ብለው መለሱላት። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው እንግዳ መምጣቱን፣ የሚበላም እንዲቀርብ ለእትዬ ብርሃነሽ ነገሩ።

አያ ደግሰው የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ሙሴ ነበሩ፤ ማኅበርተኛውን የሚሰበስቡት፣ የተጣላውን የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ማኅበርተኞቹ ወር በገባ በአሥራ ስድስት በየተራቸው ይደግሳሉ። ጽዋው ከደጋሹ ቤት ወደ ቀጣዩ ተረኛ ቤት በእልልታ ይሄድና እስከሚቀጥለው ወር እዚያው ይቀመጣል። በዚያ ወር ሰው ጠላውን ጠጥቶ ሊነሣ ሲል፣ አያ ደግሰው ጽዋው በሚያድርበት ቤት ይህች ልጅም ብታድርበትስ ብለው ጠየቁ። ማንም አልተቃወመም። ከዚያ ወዲያ ጽዋው ቤት በለወጠ ቁጥር ለተሥላሴ አጎዛዋን አዝላ፣ ደብተሮቿን አቅፋ፣ ከእልልታው ኋላ ትከተላለች። አንዱ ቤት ምግብ ይበዛል፤ አንዱ ቤት ሥራ ይበዛል፤ አንዱ ቤት ሕፃን ሲያለቅስ ያድራል። ነጋዴዋ እትዬ ደርቤ ቤት የከረመች ወር ጉንጯ ይሞላል፣ ቀጥሎ ያለው ቤት ስትገባ ይጎድላል እየተባለ ይሳቅ ነበር። እንዲህ እየዞረች አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰች፤ ዩኒቨርሲቲም ስትገባ የሸኟት እነሱ ናቸው። አጎዛው ከእሷ ቀጥሎ ከጎረቤት ወረዳ ከዝቋላ ለመጣው ለኪዳኑ ተላለፈ። እሱም እንደ እሷ ከጽዋው ጋር እየዞረ ተምሮ ዛሬ አስተማሪ ነው።

ታዲያ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ለተሥላሴ “እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ባለች ቁጥር አያ ደግሰው “ለባለቤቲቱ ንገሪያት” ይሏታል። ባለቤቲቱ የሚሏት ኪዳነ ምሕረትን ነው። በስሟ የተደረገን ነገር ሰው ለራሱ ሊመሰገንበት አይገባም ባይ ናቸው። ማኅበርተኛውም ከእሳቸው ተምሮ ምስጋና ሲመጣበት እጁን እያወናጨፈ ያባርር ነበር።

እግራቸውን ካየች በኋላ ግን ለተሥላሴ ኪዳኑን ፈልጋ አገኘችው። በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ማኅበሩ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ቢቆጡም ባይቆጡም ቆመን እናመስግናቸው አለችው። እሱም ተስማማ፤ እንዲያውም ንግግሩን እኔ እጀምራለሁ አለ።

የዚያ ወር ተራ የራሳቸው የአያ ደግሰው ነበር። መታመማቸውን አይተው ማኅበርተኞቹ ተራውን እንለውጥልዎ ቢሏቸው አሻፈረኝ ብለው፣ መደቡ ላይ ትራስ ተደግፈው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀመጡ። የማኅበሩ የነፍስ አባት መምሬ ገብረ ሊባኖስ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፤ ጽዋው ዞረ፤ ሰው በላ፣ ጠጣ። ከዚያ ኪዳኑ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ። ክቡራን የማኅበሩ አባላት ብሎ ጀመረ። በመጀመሪያ ደረጃ አለ፤ በሁለተኛ ደረጃ አለ፤ ድጋፍ፣ አስተዋጽኦ፣ አጋርነት የሚሉ ቃላት እየተከታተሉ መጡ። በመጨረሻም ካለ በኋላ እንደገና በመጨረሻም ሲል እትዬ ደርቤ ቀና ብለው፣

“ኪዳኑ፣ ይህ ስብሰባ አበል አለው?” አሉት።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ኪዳኑም አብሮ ሳቀና፣ እጅ ነሥቶ፣ የእትዬ ደርቤን ጉልበት ስሞ ተቀመጠ።

ለተሥላሴ ተነሣች። እሷም የምትለውን ቤቷ ስታጠና ሰንብታ ነበር፤ ሆኖም ያጠናችው ሁሉ ከኪዳኑ ንግግር ጋር አንድ ሆነባትና ተወችው። መደቡ ላይ የተደገፉትን ሰው አየች። ፊታቸው ገርጥቷል፤ ዓይናቸው ግን እንደ ድሮው ነው። አፏን ከፈተች። የመጣው ዜማ ነው።

እናቷ ማሬ በደሃና የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ሰው በሞተበት ቀዬ ሁሉ ተጠርታ፣ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛም በአማርኛም ሙሾ ታወርዳለች። ልጇን ግን አንድ ቀን አስተምራት አታውቅም፤ ያንቺ አፍ ለትምህርት ነው እያለች ከልቅሶ ቤት ታባርራት ነበር። ለተሥላሴ የለመደችው ከአጥር ውጭ ቆማ በመስማት ነው። እናቷ ስትሞት፣ ለሁሉ ያለቀሰችው ሴት የሚያለቅስላት ጠፍቶ ሰው ዝም ብሎ ሲያነባ፣ ማንም ሳያዛት ተነሥታ ያወረደችው እሷ ነበረች። ያን ዕለት አያ ደግሰው ማኅበሩን ይዘው እስከ ደሃና መጥተው ቆመው ሰምተዋታል።

አሁንም ያ ዜማ ነው የመጣው። እዚያ አገር ሰው በሕይወት ሳለ ይመረቃል፣ ጉልበቱ ይሳማል። በስሙ፣ በቤቱ፣ በሠራው ሥራ አንድ በአንድ እየተጠራ የሚመሰገነው ግን በልቅሶው ቀን ብቻ ነው። ለተሥላሴ ሰውን አሟልቶ ማመስገኛ ሌላ መንገድ አታውቅም ነበር።

ስንቄን ጨራርሼ ሰቆጣ ብመጣ፣
ያ ረጅሙ ደግሰው በሩን ከፍቶ ወጣ።

ሴቶቹ ዜማውን ሲሰሙ እጃቸው ሳያዙት ተንቀሳቀሰ፤ ለኀዘን እንደሚደረገው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አንዷን እንባዋ ቀደማት። ለተሥላሴ ዓይኗን ጨፍናለች፤ አላየችም። እናቷ ሙሾ እንደምታወርደው አወረደች።

ቁጣ የማያውቀው ያ ደግ አንደበቱ፣
ዛሬ ዝም አለ ወይ፣ ጨለመ ወይ ቤቱ።

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ዓይኗን ስትገልጥ እትዬ ብርሃነሽ ቆመዋል፤ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዘዋል።

“ለቴ” አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። “ባሌ ገና ይተነፍሳል። ያሳደግሁሽ በቤቴ እንድታሟርቺ ነው?”

ለተሥላሴ እግራቸው ላይ ወደቀች። ያን ሁሉ ዘመን ጎርሳ ባደገችበት ቤት፣ በበዓል ቀን፣ የታመመ ሰው ፊት ልቅሶ ማስገባቷ ገባት። ማኅበርተኛው አንገቱን ደፋ። መምሬ ገብረ ሊባኖስ መስቀላቸውን እያገላበጡ አዩት።

ከመደቡ በኩል የታፈነ ድምፅ ተሰማ። ሁሉም አያ ደግሰው እያለቀሱ መሰላቸው። እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር፤ ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ።

“ተያት፣ ብርሃነሽ” አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ። “ስንቱን ቀብሬአለሁ። ሁሉም የተመሰገነው አፈር ከለበሰ በኋላ ነው፤ አንዱም አልሰማ። እኔ ጆሮዬ ሳይዘጋ ደረሰኝ።”

ትንሽ አረፉና ጣታቸውን ወደ ለተሥላሴ ቀሰሩ።

“ግን ውሸት አለበት፣ ልጄ። ረጅሙ የምትይው ማንን ነው? ከቆጥ ላይ ዕቃ የምታወርድልኝ ብርሃነሽ አይደለችም? ቁጣ የማያውቀውስ ማን ነው?”

ማኅበርተኛው እርስ በርሱ ተያየ።

“እሱንስ እኛም ሰምተን ደንግጠናል፣ አያ” አሉ እትዬ ደርቤ።

“ይኸው። እንዲህ ተብሎ ቢለቀስልኝ የሚያውቀኝ ሰው የሌላ ሰው ልቅሶ የገባ መስሎት ይመለሳል። አስተካክይው። ደግሞ ብቻዬን አታቁሚኝ። እኔ በር ከፈትሁ እንጂ አላበላሁሽም። ያበላችሽ ያቻትና፤ ስሟ የታለ?”

ለተሥላሴ ከወደቀችበት ቀና አለች። እትዬ ብርሃነሽ አሁንም ቆመዋል፤ ፊታቸው አልተፈታም። ቁጭ እንዳለች፣ ቀስ ብላ፣ ረጅሙን አጭሩ አደረገችው። የጨለመውን ቤት አወጣችና በምትኩ ሌላ አስገባች።

ቁጣው የጭድ እሳት ነዶ የሚጠፋ፣
ብርሃነሽ አለችው ሌማት የምታሰፋ።

እትዬ ብርሃነሽ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። ያዘቀዘቁትን ነጠላ መልሰው አስተካከሉ፤ ከዚያ ለተሥላሴን ከወለሉ አንሥተው አጠገባቸው አስቀመጧት። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጥለው ቆዩ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ገበያ ሆነ። ሁሉም የራሱን ስንኝ ጠየቀ። እትዬ ደርቤ በእኔ ሽሮ የወፈረው ጉንጭ ሳይጠቀስ ከዚህ አትነሺም አሉ። የሚያለቅሰው ሕፃን አባት፣ ልጄ ጎርምሷልና እሱን ተይልኝ ብሎ ለመነ። ለተሥላሴ ለሁሉም የሚሆን አንድ ስንኝ ስለ ጽዋው አበጀችና አሰማቻቸው። አያ ደግሰው ድገሚው አሏት፤ ደገመችው። ሲያልቅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“በቃ፣ ደረሰኝ” አሉ። “የተረፈውን ለባለቤቲቱ ንገሪያት።”

ጽዋው ወደ ቀጣዩ ተረኛ ቤት ሲሄድ፣ ለተሥላሴና ኪዳኑ እንደ ድሮው ከእልልታው ኋላ ተከተሉ። ብዙ ጊዜ ያልተሰማት ቅልል የማለት ስሜት ተሰማት። የፈለገችው ተሳክቷል፤ ባሰበችው መንገድ ባይሆንም ሰምተዋታል።

አያ ደግሰው ክረምቱን አላዩም። ግንቦት ሳያልቅ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ መደባቸው ላይ እንደተደገፉ አረፉ።

ለልቅሶው ሰው ከየአቅጣጫው መጣ። ቆዳ የሸጡላቸው የዝቋላ ፍየል አርቢዎች ሳይቀሩ መጡ። ሁሉም የማሬን ልጅ ይጠብቅ ነበር፤ ከእናቷ እንደምትበልጥ ሰምቷል። ለተሥላሴ ግን ድንኳኑ ውስጥ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ቀረች። ልትነሣ ሞከረች። የነበራትን ሁሉ ለራሳቸው ለአያ ደግሰው አስረክባለች፤ አሁን ብትደግመው ለማን? ሰዎች መንሾካሾክ ጀመሩ። አንዲት ሴት፣ የተማረ ሰው ሙሾ ማውረድ ያፍራል አለች።

ያን ጊዜ እትዬ ብርሃነሽ ተነሡ። በሕይወታቸው ሙሾ አውርደው አያውቁም፤ ዜማውም አይወጣላቸውም። ዝም ብለው እንደሚናገር ሰው ጀመሩ። ስንቅ ጨርሳ የመጣችውን ልጅ ጠሩ፤ ያ አጭሩ ደግሰው በሩን ከፍቶ መውጣቱን ተናገሩ። “አጭሩ” ሲሉ ከሩቅ የመጣው ሰው ደነገጠ። ማኅበርተኞቹ ግን በእንባቸው መካከል ሳቅ አመለጣቸው። ለተሥላሴ ቀና አለች። እትዬ ብርሃነሽ ይህን መቼ አጠኑት? በኋላ እንደሰማችው፣ አያ ደግሰው ከበዓሉ ወዲህ እራት በተበላ ቁጥር እስቲ ሙሾዬን በይልኝ እያሉ ያስደግሟቸው ነበር። እሳቸውም አንተ ሟርተኛ እያሉ፣ እየተነጫነጩ፣ ይሉላቸው ነበር።

ወደ ሁለተኛው አለፉ። ቁጣው የጭድ እሳት፣ ነዶ የሚጠፋ። ቀጥሎ የሚመጣው የራሳቸው ስም ነው። “ብርሃነሽ አለችው” አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። እንደምንም ጨረሱት። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጠፋባቸው፤ በሰው መካከል ቆመው፣ ዓይናቸው ለተሥላሴን ፈለገ።

“ለቴ፣ የጽዋው እንዴት ነበር?”

ለተሥላሴ ተነሥታ አጠገባቸው ቆመች። እጃቸውን ያዘች። አሁን ለማን እንደምትለው አወቀች፤ ለማኅበርተኞቹ፣ ለዚህች ሴት። ዜማውን አነሣች።

ጽዋው ሲዞር ዞርሁ አጎዛ አዝዬ፣
ስንት ቤት አገኘሁ ቤት የለኝም ብዬ።