የሚስባህ እንሰት

ሚስባህ ከሞተ ወዲህ ሸፊቃ በደቡብ አፍሪካዋ ጻካኔ ከሚገኘው ሱቃቸው ጓሮ የቆመችውን እንሰት እንደ ሰው ታነጋግራት ነበር። ባሏ ችግኟን ከስልጤ በጋቢ ጠቅልሎ አምጥቶ የተከላት ናት።

ብርዱ ገብቶ ነፋስ ሲነሳ፣ በአቅራቢያቸው ካለው የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ግራጫ አመድ እየመጣ ቅጠሏ ላይ ያርፋል። ሸፊቃ መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። በአገሯ እንሰትን የሚያፋፋው ፍግና አመድ ነው። አመዱ ሳትለምን ከሰማይ ሲወርድላት፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሳይቀር እየጠረገች እንሰቷ ሥር ከመረችላት።

ውሎ አድሮ ቅጠሏ ከጫፉ ያርር ጀመር። አፈሩ ላዩ እንደ ሲሚንቶ ደረቀ። አጠገቧ ያለው የኮክ ዛፍም አበባውን አራገፈ።

ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጇ ሀይፋ ለዕረፍት ስትመጣ አፈሩን በጣቷ ፈርፍራ አየችው።

«እማ፣ ይሄ የእንጨት አመድ አይደለም፣ የድንጋይ ከሰል ነው። የምታበዪያት መርዝ ነው።»

ሸፊቃ ያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘጋች። ሚስባህን በሽታ ወሰደው፤ የእሱን እንሰት ግን በገዛ እጇ ልትገድላት ነው። በማግስቱ ገጀራና አካፋ ይዛ ስትወጣ ሀይፋ ሮጣ ክንዷን ያዘቻት።

«አባባን ሁለተኛ ልትቀብሪው ነው?»

«እንሰት ካልተቀበረች አትወልድም፣ ልጄ።»

ግንዷን ቆረጠች። አሚቾውን፣ ያን ወፍራም ሥር፣ ነቅላ አጠበችና እናቷ እንዳሳየቻት ልቡን ፈለፈለች። የሚስባህ ታናሽ ወንድም ሙዘሚል ሱቁ ራቅ ብሎ ኮዝሞ ሲቲ ነው፤ ያ አመድ እዚያ አይደርስም። ሊወስደው መጥቶ ባኪውን፣ ያቺን ፒክአፕ መኪናውን፣ አቁሞ በጆንያ የተጠቀለለውን ነገር ሲያይ፣ ፖሊስ ቢያስቆመኝ ምን ልበል አላት።

«የወንድሜ ነው በል።»

ከሙዘሚል ሱቅ ጀርባ ቆፍረው፣ ልቡን በፍግ ሞልተው ቀበሩት። ሙዘሚል ያን ሁሉ የፈረስ ፍግ ከየት እንዳመጣ ዛሬም አይናገርም።

ዝናቡ ከገባ በኋላ አንድ እሑድ ደወለና፣ ሰላምታም ሳይሰጥ የስልኩን ካሜራ ወደ መሬት አዞረው። ቀላ ያሉ ቡቃያዎች አፈሩን ሰንጥቀው እርስ በርስ ይጋፋሉ። ሸፊቃ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ታክሲ ውስጥ ገባች።

ስትደርስ የአገሯ ሴቶች ቀድመዋት፣ ሲያድግ የትኛው የማን እንደሚሆን ይሟገታሉ። አንዷ ዘንድሮ ሠርግ ስላለብኝ ሁለት ይገባኛል ትላለች። ሸፊቃ አፈሩ ላይ ተንበርክካ፣ እየሳቀች፣ ለእያንዳንዷ ደለደለች። ሙዘሚል የእኔስ የታለ ብሎ አኮረፈ።

«አንተማ አጎታቸው ነህ» አለችው። «ውኃ ታጠጣለህ።»