ውሃው የት ገባ

ከሶዶ በላይ፣ የዳሞት ተራራ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ሸንተረር በሚሆንበት ቦታ፣ በሸንተረሩ ጀርባ ላይ አንድ የእግር መንገድ አለ። ከመንገዱ ወዲህ የወደቀ ዝናብ ወርዶ ወርዶ ብላቴ ይገባል፤ ከመንገዱ ወዲያ የወደቀው ደግሞ ኦሞን ፍለጋ ይሄዳል። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ልጆቹ መንገዱ ላይ ቆመው ሲሸኑ «ግማሹ ለብላቴ፣ ግማሹ ለኦሞ» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ።

የአዛለች ቤት ወዲህ ነው፣ በብላቴ በኩል። የጩማ ቤት ወዲያ ነው፣ በኦሞ በኩል። በመካከላቸው መንገዱና የቆየ ጠብ አለ።

ጠቡ የውሃ ነው። ከሁለቱም ቤት በላይ፣ ተራራው ቀጥ ማለት ሲጀምር፣ የድሮ ሰዎች የቆፈሩት ቦይ ነበረ። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ከአዛለች ጓሮ አናት ላይ ጠልፎ፣ መንገዱን አሻግሮ፣ በጩማ በኩል ያፈሰው ነበር። ጩማ ሽማግሌ ነው። እንደ አባቷ ስለሆነ በወላይትኛ «አዋ» ትለዋለች፤ ስትሰድበውም አዋ ብላ ነው። አንድ ዓመት ድርቅ የመጣ ጊዜ፣ የቦይናው፣ ማለት የጎደሬው፣ ቅጠል ሳይቀር እንደ አሮጌ ጨርቅ ሲንጠለጠል፣ አዛለች ዶማዋን ይዛ ወጣችና ቦዩን በድንጋይና በአፈር ደፈነችው።

«በእኔ ተራራ ላይ የወረደ ዝናብ የእኔ ነው» አለች።

«ተራራው ያንቺ ከሆነ ጥሩ» አለ ጩማ። «ሲመጣም አንቺው ተቀበይው። ይህ ጓሮሽ ያበጠው ለምን ይመስልሻል? በአባቴ ዘመን ከላይ የወረደ መሬት ነው። ሰዎቹ ቦዩን የቆፈሩት ሥራ አጥተው አይደለም።»

«አዋ፣ ቅናት ለሽማግሌ አያምርም።»

በዚሁ አልቆመችም። በተፋሰስ ዘመቻ አገሩ ሁሉ ወጥቶ ትሬንች ሲቆፍር፣ የልማት ሠራተኛው ለእሷ ከጓሮዋ ፈቅ ብሎ ጠንካራው መሬት ላይ ክር ዘርግቶላት ነበር። ትሬንች ማለት ዝናቡን ሩጫ አስትቶ መሬት የሚያስጠጣ ረጅም ጉድጓድ ነው። አዛለች ክሩን አየችው፣ ድንጋዩን አየችው፣ ዶማዋን ተሸክማ አፈሩ ለስላሳ ወደሆነው ወደ ጓሮዋ አናት ሄደች። የድርሻዋን እዚያ ቆፈረች። ሠራተኛው ቢጮህ ቢጮህ ጆሮ የላትም።

ደግሞም ቀናት። በሁለተኛው ክረምት ከእንሰቷ ሥር ደርቆ የነበረው ምንጭ ተመለሰ። ሩቅ ይወርዱ የነበሩ ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ እሷ መጡ። ምን ቀራት? ቤተ ክርስቲያን ተነስታ ምስክርነት ሰጠች፤ «ጌታ ምንጬን መለሰልኝ» ስትል ዶማዋን ግን መጥቀሷ አልቀረም።

የዘንድሮው ሐምሌ እንደ ሌላው ሐምሌ አልሆነም። ሰማዩ ቀዳዳ እንዳለው ጣሪያ ቀንም ሌሊትም ያፈሳል። አዛለች ቤት ደግሞ አራስ ተኝታለች፤ ሰብለ፣ የልጇ የታምራት ሚስት። ታምራት ሶዶ ባጃጅ ይነዳል። ጠዋት ደወለ።

«እማ፣ ወዲያ ማዶ መሬት ተንሸራቶ ሰው ቀበረ ይላሉ። ሰብለንና ልጁን ወደ ከተማ ላምጣቸው?»

«አራስ በዚህ ዝናብ? አብደሃል?»

«በላስቲክ እሸፍናታለሁ።»

«በላስቲክ የሚሸፈን ሬሳ ነው» አለችና ዘጋችበት።

እንዲህ የሆነችው በከንቱ አይደለም። ከታምራት በፊት አንዲት ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ያኔ ልጅ ናት፣ መካሪ አልሰማችም፤ በአራስነቷ ሕፃኗን አዝላ ለቅሶ ደረሰች፣ መንገድ ላይ ዝናብ መታቸው። ልጅቷ ሳል ጀመራት፣ ከዚያ ትንፋሽ አጠራት፣ ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ በአዛለች ቤት አራስ ደጅ አታይም። በር ይዘጋል፣ ቀዳዳ ይወተፋል። ሰብለ ከመውለዷ በፊት አዛለች ግድግዳውን ራሷ በድርብ ጭቃ ለስናው ነበር፣ ንፋስ ሽው እንዳይል።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ትንሽ ቀለል ሲል ለሰብለ ቆጮ ልታወጣ ጓሮ ሄደች። የቆጮው ጉድጓድ እንሰቱ መካከል ነው። የተጫነውን ድንጋይ አነሳች፣ ኮባውን ገለጠች።

ኮባው ተቀዷል። አይጥ የቀደደው ቢሆን ጥርስ ጥርስ ይላል፤ ይህ ግን ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ እንደጎተተው ከዳር እስከ ዳር ተተርትሯል። ጎንበስ ብላ አየች። የጉድጓዱ አንዱ ጎን ከሌላው ስንዝር ያህል ዝቅ ብሏል።

«ፍልፈል ነው» አለች ጮክ ብላ። ፍልፈል መሬት እንደማያወርድ ግን ታውቃለች፤ ጮክ ያለችውም ለዚሁ ነው።

እጇን ልትታጠብ ወደ ምንጩ ዞር አለች። ጀሪካን የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ውሃ የሚወርድበት የቀርከሃ አሸንዳ አለ። ውሃው የለም። አሸንዳው አፉን ከፍቶ ያያታል። በበጋ ያልቆመ ውሃ፣ በሐምሌ መካከል፣ ሰማዩ ተቀዶ እየፈሰሰ፣ ቆሟል።

አዛለች እዚያው ቆመች። ውሃ ሲበዛ ታውቃለች፣ ሲያንስ ታውቃለች። በዝናብ መካከል ሲጠፋ ግን አይታ አታውቅም።  ወደ ቤቱ አየች፤ ጭሱ በክዳኑ ሥር ይወጣል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ደህና ነው። ዶማዋን አነሳችና ሽቅብ ወጣች፤ ትሬንቹ ሞልቶ ገንፍሎ ይሆናል፣ ውሃው በሌላ በኩል ሄዶ ይሆናል እያለች።

ትሬንቹ ባዶ ነበር።

ትላንት እስከ አፉ ሞልቶ፣ ዳክዬ ቢለቁበት ይዋኝ የነበረው ትሬንች፣ እንደ ታጠበ ገበቴ ባዶውን ነው። ከላይ ጎርፉ አሁንም ይገባበታል፤ ገብቶ ግን አይጠራቀምም። ወለሉ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። ውሃው ወደዚያ ይሮጣል፣ ይገባል፣ ይጠፋል። ተንበረከከች። ከታች፣ ከእሷ ጉልበት ሥር፣ ከሩቅ፣ እንስራ ሲንደቀደቅ የመሰለ ድምፅ ሰማች። ተራራው ሆዱ ውስጥ ውሃ ይዞ ይጮኻል።

ስንጥቁን በዓይኗ ተከተለችው። ግራና ቀኝ ሣሩን ሰንጥቆ፣ እንደ ማጭድ ታጥፎ ቁልቁል ይወርዳል። ጓሮዋን፣ እንሰቷን፣ ምንጯን፣ ቤቷን አቅፏል።

«ጦሳ!» አለች፤ ሰው ሲደነግጥ ፈጣሪውን የሚጠራው በእናቱ ቋንቋ ነው።

ያኔ ምን አደረገች? ያደረገችው ቢነገር የሚታመን አይደለም። ዶማዋን አንስታ ስንጥቁን በአፈር መድፈን ጀመረች። ቦዩን እንደደፈነችው። አፈር ትጥላለች፣ ስንጥቁ ይውጣል። ሣር ነቅላ ትወትፋለች፣ ይውጣል። አታቆምም፤ ካቆመች ልትሰማው ነው፣ ያንን ድምፅ።

«አንቺ ሴትዮ!» አለ አንድ ድምፅ ከመንገዱ። ጩማ ነው፣ ላስቲክ ተከናንቦ፣ ከዘራውን ይዞ። «በዚህ ዝናብ ምን ትቀብሪያለሽ?»

«አዋ» አለች፤ ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «ውሃው የት ገባ?»

ጩማ መጣ። አየ። «ነግሬሽ ነበር» ቢላት ኖሮ ትሰድበው ነበር፤ ብትሰድበው ደግሞ ፍርሃቱ ይቀልላት ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ከዘራውን ስንጥቁ ውስጥ ሰደደ። ከዘራው እስከ እጀታው ገባ።

«ቤት ማን አለ?»

«ሰብለ አለች። አራስ ናት።»

«አውጫት።»

«አራስ ናት አልኩህ እኮ!»

«መሬት አራስ አያውቅም፣ አዛለች። ሂጂ!»

አዛለች ሮጣ የማታውቅ ሴት ናት፤ ቀብርም ገበያም በእርምጃዋ ነው። ያን ቀን ግን ጫማዋን ጭቃው ውስጥ ጥላ ቁልቁል ሮጠች። ሁለት ጊዜ ወደቀች። መሬቱ ከእግሯ ሥር እንደቦካ ሊጥ እሺ እሺ ይላል፤ እሺ ባይነቱ ነው ያስፈራት።

በሩን ገፋች። በሩ አልተከፈተም።

«ሰብለ! ክፈቺ!»

«እማ፣ እምቢ አለኝ እኮ!» አለች ሰብለ ከውስጥ። «ቅድምም ሞክሬው ነበር፣ ዝናቡ አበጠው ብዬ ተውኩት።»

አዛለች ቀና ብላ መቃኑን አየችው። የቆርቆሮ በር ዝናብ አያሳብጠውም። መቃኑ ተጣሟል። ቤቱ ራሱ ዘሟል፤ አንድ ትልቅ እጅ ከላይ እንደተጫነው በሩን ጨምድዶ ይዞታል። በትከሻዋ ገጨችው፣ በእግሯ ረገጠችው። ከውስጥ ሰብለ ትስበዋለች። ሕፃኑ ማልቀሱን ተያይዞታል። መስኮት? መስኮቱ ላይ ብርድ እንዳይገባ ብላ ራሷ ጣውላ አስመትታበታለች።

«እማ፣ ምንድን ነው?» አለች ሰብለ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እማ፣ ግድግዳው ይንቋቋል።»

«ዝም በይና ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልይ!»

መጥረቢያው ከማገዶው ጎን ነበር። በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ መታችው። ጭቃ ወደቀ። ደግማ መታች፣ ጭቃ ወደቀ። ድርብ ልስን! እጄን በቆረጠው ኖሮ አለች። ማገሩ ገና አልታየም። ጩማ እሷ ጥላው የሮጠችውን ዶማ ይዞ ደረሰ፣ እያለከለከ ይፍቅ ጀመር። ሽማግሌና ባልቴት፣ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ፣ ቤት ያፈርሳሉ። ከላይ፣ ከትሬንቹ በኩል፣ ጨርቅ ሲቀደድ የመሰለ ረጅም ድምፅ መጣ። ጩማ ዞር አላለም። አዛለችም አልዞረችም።

ማገሩ ተሰበረ። በቀዳዳው መጀመሪያ የሕፃኑ ጥቅል ወጣ፤ ጩማ ተቀብሎ በላስቲኩ ሥር አስገባው። ከዚያ የሰብለ ራስና ክንዶች ወጡ። ከዚያ ወገቧ ላይ ቀረች። የተሰበረው ማገር ቀሚሷን ይዞባታል።

«እማ፣ ተውኝ፣ እሱን ውሰጂው!»

«ሞኝ! ጡቱን ከየት ላመጣለት ነው?» አዛለች እጇን በብብቶቿ ሥር አስገብታ፣ እግሯን ግድግዳው ላይ ደግፋ ሳበቻት። ቀሚሱም ቆዳዋም ተቀደደ። እንደ ጥጃ ወጣችና አዛለች ላይ ወደቀች።

ሽቅብ ወደ መንገዱ ወጡ። ሰብለ ባዶ እግሯን ናት፣ አዛለች በአንድ እጇ ወገቧን፣ በሌላው ሣር ይዛ። ዝናቡ ፊታቸውን ይመታል። እያንዳንዱ ጠብታ በሰብለ ጀርባ ላይ ሲያርፍ አዛለች ያንን የጥንቱን ሳል ትሰማለች። ስንጥቁ ጋ ሲደርሱ ወዲያኛው አፉ ከወዲህኛው እስከ ጉልበት ከፍ ብሎ አገኙት። ጩማ ሕፃኑን ይዞ ተሻገረ። አዛለች ሰብለን ገፋቻት። ራሷ በሆዷ ተሳበች።

መንገዱ ላይ ቆመው ዞር አሉ።

እንሰቶቹ ይሄዳሉ። አልወደቁም፤ ቀጥ እንዳሉ፣ ቅጠላቸውን እንደዘረጉ፣ ቀብር እንደሚሸኝ ሕዝብ ቀስ ብለው ቁልቁል ይሄዳሉ። የቆጮው ጉድጓድ አብሮ ይሄዳል። ቤቱ ተከተላቸው፤ ትንሽ እንደተጓዘ ጉልበቱ ከዳው፣ ቆርቆሮው ጮኸ፣ ታጠፈ። ከዚያ ነው ተራራው የመጣው። ሆዱ ውስጥ የያዘውን ሁሉ፣ ጭቃውን፣ ድንጋዩን፣ ያንን የጠፋውን ውሃ፣ አንድ ላይ ተፋው። ሰብለ ጮኸች። አዛለች የሰብለን ፊት ወደ ደረቷ አዞረችው።

«ከታች ቤት የለም» አለ ጩማ ደጋግሞ፣ ለራሱ ይሁን ለእነሱ ሳይታወቅ። «እስከ ወንዙ ቤት የለም። ጌታ ይመስገን፣ ቤት የለም።»

ወዲያ፣ በኦሞ በኩል፣ የጩማ ቤት ውስጥ እሳት ነበር። ሰብለን እሳቱ ዳር አስቀመጧት። ጥርሷ ይንገጫገጫል። አዛለች የጩማን ጋቢ አልብሳት፣ ሕፃኑን ከደረቷ ጋር አጣብቃ፣ ጀርባዋን በመዳፏ ታሻሽ ነበር፤ ግንባሯን ትነካለች፣ የሕፃኑን ግንባር ትነካለች፣ ደግሞ የሰብለን። ትኩሳት ዛሬ አይመጣም፣ ነገ ነው የሚመጣው፣ ይህን ታውቃለች። ስልኳ ቤቱ ውስጥ ቀርቷል። ጩማ በራሱ ስልክ ታምራትን ጠርቶ «አሉ፣ ሁሉም አሉ፣ ቀስ ብለህ ና» ሲል ሰማች።

ጩማ ስልኩን ኪሱ ከተተና በሩን ሊዘጋ ሄደ። ነፋሱ ዝናቡን ይዞ እስከ እሳቱ ይገባል፤ አራስ ባለችበት ቤት በር ከፍቶ የሚተው ሰው የለም።

«አትዝጋው!» አለች አዛለች።

ጩማ እጁን በሩ ላይ እንዳደረገ ዞረ። «ብርድ ይመታታል እኮ።»

«አትዝጋው አልኩህ፣ አዋ። የእኔም በር ተዘግቶ ነው እምቢ ያለው።»

«እማ፣ በረደኝ» አለች ሰብለ።

«አውቃለሁ» አለች አዛለች።  ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። አንዱን ትከሻዋን መቃኑ ላይ፣ ሌላውን በሩ ላይ አስደግፋ ደፉ ላይ ተቀመጠች። እርጥብ ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጠች፣ ፊቷን ለእሳቱ። ወፍራም ሴት ናት፤ ክፍተቱን ሞላችው። ትንቀጠቀጥ ነበር። ጩማ በሩን ለመግፋት ባሰበ ቁጥር ዓይኗን ታፈጥበት ነበር።