«ዘግይታለች» ያለው ጋዜጣ

ሎርና ቲድዌል ጋዜጣውን ያነበበችው ማክሰኞ ጠዋት መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ነው። በዚያች ትንሽ የሚሲሲፒ ከተማ የኮሌጁን የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ቁርጭምጭሚት ስታስርና ጉልበት ስታሽ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል፤ ስሟ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ግን የመጀመሪያዋ ነበር። ታቫሪስ ኦደም የተባለ የሃያ ዓመት ተከላካይ በነሐሴ ሙቀት ሲለማመድ ተዝለፍልፎ ወደቀ ይላል ጽሑፉ፤ ስሙ እንዳይጠቀስ የፈለገ አንድ የቡድኑ ሰው እንደተናገረው የሕክምና ባለሙያዋ ሎርና ቲድዌል የደረሰችለት ዘግይታ ነው።

ደሟ ፈላ። ያን ቀን ልጁ መንገዳገድ ሲጀምር ሁለት ጊዜ ሮጣ «አስቁመው» ብላ ነበር። አሰልጣኙ ራስክ ሃንሊ ፊሽካውን ከአፉ እንኳ ሳያወጣ በእጁ ምልክት ነው የመለሳት።

ሃንሊ በዚያው ጠዋት ሠራተኞቹን ሰበሰበ። «ይሄ ጋዜጣ ጠላታችን ነው። ከእንግዲህ ለጋዜጠኛ አንዲት ቃል የተነፈሰ ሰው እዚህ ግቢ እንዳላየው።»

«ዘገየች ያለው ማነው?» አለች ሎርና።

ሃንሊ ወረቀቶቹን ያገላብጥ ጀመር፤ አንገቱ ግን ቀላ። ሲዋሽ እንደሚቀላ ታውቃለች።

ሌሎቹ ሲወጡ አስቀራትና አንድ ወረቀት ዘረጋላት። ልጁ ሕመሙን ደብቆን ነበር ይላል።

«ፈርሚና እንገላገል። ደጋፊዎቹ በስልክ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተውኛል።»

«ምን ደበቀ? ፊት ለፊትህ አስመልሶት የለም እንዴ?»

«ሎርና፣ ቅዳሜ ጨዋታ አለብን።»

«ታቫሪስ ግን የለበትም» አለችና ወረቀቱን ጨምድዳ ጠረጴዛው ላይ ጥላለት ወጣች።

በቀጥታ ሆስፒታል ሄደች። የታቫሪስ ኩላሊቶች ሥራ አቁመው ደሙ በማሽን ይታጠባል። እናቱ ቨርኔል ጋዜጣውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ነበር።

«እውነት ነው?»

«ሃንሊን ሁለቴ አስቁመው ብዬዋለሁ። እምቢ ሲለኝ ግን ሜዳው መሀል ገብቼ ልጁን ጎትቼ ማውጣት ነበረብኝ። አላደረግሁትም።»

ቨርኔል ትክ ብላ አየቻት። «ልጄን አምኜ ነው የሰጠኋችሁ። አሁን እኔ ዘንድ መጥተሽ ንስሐ አትግቢ። ለከተማው ንገሪው።»

ሎርና ከሆስፒታሉ ደጅ ሆና ጽሑፉን ለጻፈው ጋዜጠኛ ደወለች።

«ስሜን ከማጥፋትህ በፊት ምነው አንዴ እንኳ ብትደውልልኝ?»

«የቡድኑ ቢሮ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ። አትናገርም አሉኝ።»

«እንግዲያው ጻፍ። እኔ ደግሞ ስሜ እንዲጠቀስ ነው የምፈልገው።»

ሐሙስ ቃሏ ጋዜጣው ላይ ወጣ። ዓርብ ከሥራ ተባረረች። ቅዳሜ ሃንሊ ሜዳ ሲገባ ስታዲየም የሞላው ሕዝብ ቆሞ አጨበጨበለት። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንድ ሽማግሌ «ቡድናችንን ሸጥሽው» ቢላት፣ «እናንተ ደግሞ ልጁን» አለችው።

ሃንሊ የተሰናበተው በኅዳር ነው፤ አምስት ጨዋታ ተከታትሎ ስለተሸነፈ። ኮሌጁ ባወጣው መግለጫ ስለ አገልግሎቱ አመስግኖ ሸኘው። ስለ ታቫሪስ አንዲት ቃል አልነበረበትም። ሎርና መግለጫውን ለቨርኔል በስልክ አነበበችላት።

«ድገሚልኝ» አለች ቨርኔል።

ደገመችላት። «ኮሌጁን ለመክሰስ የያዝኩት ጠበቃ ሰኞ ቤት ይመጣል» አለች ቨርኔል። «አንቺም ነይ።»