መብራት ሳይኖር የተንቀጠቀጠው ማሽን

እህቴ ስትሰፋ አይታችሁ ቢሆን ማሽኑ ነበር የሚያሳዝናችሁ። ሰፈሩ «እሳት የላሰች» ይላታል፤ እኔ ታናሿ ግን እትዬ ነው የምላት። ሌላው ልብስ ሰፊ ሳምንት የሚፈጅበትን ቀሚስ እሷ ጠዋት ጀምራ አመሻሹ ላይ ተኩሳ ትሰቅለዋለች። እንደ ጉድ ትበላለች፣ እሱንም ቆማ፤ ግን ትከሳለች። ሰው ካፖርት ለብሶ ሲኮራመት እሷ መስኮት ትከፍታለች። እኛም ሞኞቹ «ታታሪ እኮ ናት» እያልን እናወራላታለን። ለካ ለበሽታ ነው ስናጨበጭብ የከረምነው።

አንድ ጠዋት መብራት ጠፋ። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፤ እትዬ ክንዷን ማሽኑ ላይ አስደግፋ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጫፍ በእጇ ትዘመዝማለች። በመሃል ተናደደች።

«ይሄ ማሽን ዛሬም ይንቀጠቀጣል። የሚጠግን ሰው ጥሪ ብዬሽ አልነበር?»

«እትዬ፣ መብራት የለም እኮ» አልኳት።

«ታዲያ ምንድን ነው የሚመታው?»

እጇን ያዝኩት። የምትመታው እሷው ናት። ደም ሥሯ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ቆም ይልና እንደገና ይሮጣል። ሥራውን እንዳለ ጥዬ ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ እሷ ግን መንገዱን ሙሉ ስለ ቀሚሱ ነው ያወራችው።

ሐኪሟ ደሟን አስመረመረች፣ ልቧንም በመሣሪያ አየች። «አንገትዎ ላይ ያለችው ዕጢ፣ ታይሮይድ የምንላት፣ ከልክ በላይ እየሠራች ነው» አለቻት። «የልብዎን ምት አዛብታዋለች። ልብ እንዲህ ሲወራጭ ደም ውስጡ ይረጋል፤ የረጋው ደም ወደ ጭንቅላት ከሄደ ስትሮክ ነው። ደግነቱ መድኃኒት አለው።»

«ያዘገየኛል?» አለች እትዬ።

«ያረጋጋዎታል።»

እትዬ መረጋጋት እንደሚባል ነገር የምትጠላው የለም። ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከተተችና «የሙሽራዋን ቀሚስ ልጨርስና እጀምራለሁ» አለች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብላት፣ «እንቁላሉ እስኪሄድ ሙሽራዋ ትወልዳለች» አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ ንዴቴ ግን በለጠ። መቀሴን አስቀምጬ ወንበሬን በሩ ላይ ገተርኩና ተቀመጥኩ።

«ካልዋጥሽ እኔም አልሰፋም፤ ደንበኛም አይገባም።»

«ጥጋብሽ ነው» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ፍጥነቴ በሽታ ከሆነ፣ ስድን ምን ይቀረኛል? ሰው የሚመጣው ለእሱ ነው።»

ይሄን አልጠበቅኩም። እንባዬ መጣ፤ እኔ ደግሞ ሳለቅስ እቆጣለሁ። «እናታችን ከሞተች በኋላ ጸጉሬን ያበጠርሽልኝ እየተጣደፍሽ ነው እንዴ? እያባበልሽ፣ ቀስ ብለሽ አልነበር? እኔ የምፈልገው ያቺን እትዬን ነው። ስትሮክ ጥሎሽ አፍሽ ቢጣመም እኮ ስትሰድቢኝ እንኳ አይገባኝም።»

ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ኪኒኑን ከነውሃው አቀበልኳት፤ ዋጠችው።

ወራት አለፉ። ልቧ መስመር ያዘ፣ ጉንጯ ሞላ፣ መስኮቱም ተዘጋ። ፍጥነቷ ግን እውነትም ሄደ፤ አሁን እንደ ማንኛችንም ነው የምትሰፋው። ደንበኛ በገባ ቁጥር ፊቷ ይለዋወጣል። አንድ ቀን ከሁሉም የምትፈራቸው ደንበኛችን፣ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት፣ ጨርቅ ይዘው መጡ። እትዬ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«የሚደርስልዎት በሳምንቱ ነው» አለቻቸው፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው።

«እሺ» አሉ ሴትየዋ። «እኔማ ድሮም አልቸኩልም። አንቺ ‹ነገ ይምጡ› ስትዪኝ እኮ ነው ሥራዬን ጥዬ ስሮጥ የምመጣው።»

ከወጡ በኋላ እትዬ ጨርቁን እያጠፈች ጠየቀችኝ።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ማንም ሳያባርረኝ ነው የሮጥኩት?»

«ዕጢሽ ናት ያባረረችሽ» አልኳት።

ማሽኑን አጠፋች፤ ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ ምሳዋን ቁጭ ብላ በላች።