ሽቦ ወይስ ብረት
መምህርት ሙሉብርሃን በምታስተምርበት በጎግ ወረዳ ከሞተር ሳይክል ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ጋምቤላ ሆስፒታል ስትደርስ ዶክተር ኦኬሎ ራጁን እያሳየ ሁለት መንገድ እንዳለ ነገራት።

«አንዱ ቀጭን ሽቦ ነው፤ አጥንቱን በሽቦ እንይዘውና እጅሽ ስድስት ሳምንት ጄሶ ውስጥ ይቆያል። ሌላው ከውስጥ በብሎን የሚታሰር ብረት ነው። ቁስሉ ሰፋ ይላል፤ እጅሽን ግን ቶሎ ታንቀሳቅሻለሽ።»

«የትኛው ይሻላል?»

«ዓመት ሲሞላው ብዙም አይለያዩም። ቤት የሚረዳሽ ካለ ሽቦው ይበቃል። ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?»

ሙሉብርሃን ጎግ ከገባች አስራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ብቻዬን ነኝ» አለች።

«እንግዲያው ብረቱን እናድርግልሽ» አላት ቀስ ብሎ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ስፌቷ ወጥቶላት ቤቷ በተመለሰች ማግስት፣ እያመማትም ቢሆን የቀሚሷን ቁልፎች አንድ በአንድ ራሷ ቆለፈች። ይህን የምትነግረው ሰው ስታጣ፣ ካመመሽ ደውይ ብሎ ቁጥሩን ለሰጣት ለዶክተሩ ደወለች።

«ዛሬ ቀሚሴን ራሴ ቆለፍኩ።»

«ጎበዝ፣ በጣም ጥሩ ነው» አላትና በሽተኛ እየጠበቀው እንደሆነ ነግሯት ዘጋው።

ሙሉብርሃን ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ «አንድ በአንድ ነው የቆለፍኩት» አለች።