ጳጉሜን የሌለችበት እትም

ዚነት ዩሱፍ ከኮምፒዩተሩ ማተሚያ የወጣውን ረጅም የመድኃኒት ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ በጣቷ ወረደችበት። የእባብ መድኃኒት የለም። ሦስተኛ ስትጀምር የመጋዘኑ ኃላፊ ዑግባድ በሩን ተደግፎ ሳቀባት።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ወረቀት በማሻሸት አይወልድም።»

«አዴር» አለችው፤ አጎቴ ማለቷ ነው። «የእባብ ሴረም ጨርሰናል እንዴ?»

«ማን ጨረሰው? አርባ ብልቃጥ፣ ከትናንት ወዲያ በእነዚህ እጆቼ ያስገባሁት! ዋላሂ፣ ነይና እዪ።»

ወደ ጋዝ ፍሪጁ ወሰዳትና ከፈተላት። ብልቃጦቹ እንደ ተማሪ ተሰልፈው ቆመዋል። በረንዳው ላይ ከቢዮ አዋሌ ጤና ጣቢያ የመጣው ቡልቻ ባዶ የበረዶ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። በዚያ ሳምንት እባብ ሁለት ሰው ነድፎበታል፤ የቀረችውን አንዲት ብልቃጥ ለሁለተኛው ሰጥቶ ነው የመጣው።

«እንግዲያ ስጡኝና ልሂድ» አለ ቡልቻ።

ዑግባድ ዚነትን አየ። ማሽኑ ዝርዝሩ ላይ ያላተመው መድኃኒት ከመድኃኒት ዴፖው ግቢ አይወጣም። ሕጉን የፈረመው ሥራ አስኪያጁ ጓድ አየነው ይሁን እንጂ፣ «ካርድ ይሳሳታል፣ ማሽን አይሳሳትም» ብላ ያስወጣችው ራሷ ዚነት ነበረች።

ዚነት የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት። ስድስት ዓመት ምሥራቅ ጀርመን፣ ድሬስደን ተምራ፣ በእርዳታ የመጡ አራት ኮምፒዩተሮች ለድሬዳዋ፣ ለሐረር፣ ለጅጅጋና ለአሰበ ተፈሪ ዴፖዎች ሲታደሉ እሷም ተመድባ አገሯ ገባች። የመድኃኒቱን ገቢና ወጪ የሚይዘውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት፤ ሁሉንም ግን አይደለም። አብረዋት የተማሩት ጓደኞቿ ሲበተኑ ቃል ተገባብተው ነበር፤ የጻፉትን ፕሮግራም ሳይደብቁ፣ ጽሑፉን እንዳለ በዲስኬት እየገለበጡ በፖስታ ይላላካሉ። የፈለገ ይወስዳል፣ ያሻሻለ መልሶ ይልካል። የዚነት ፕሮግራም ቀን የሚቆጥርበት ክፍል ከእነዚያ ጓደኞቿ አንዷ የሆነችው፣ ቡዳፔስት ያለችው የኢሎና ሥራ ነው።

የኢሎና አዲስ ዲስኬት በነሐሴ ደረሰ። አሮጌው ግማሽ ሰዓት የሚያንቀላፋበትን ሥራ በደቂቃ ይጨርሳል። ዚነት ደስ ብሏት፣ ውስጡን ሳትመረምር ሦስተኛው እትሟ ላይ ጨመረችው። ጓድ አየነውም ለበላይ አካል ጻፈ፤ ሦስተኛው እትም ለአብዮት በዓሉ ይደርስ ዘንድ ጳጉሜን አራት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሦስቱ ዴፖዎች ይላካል ሲል። ጳጉሜን አራት ደግሞ ዛሬ ነው።

ዚነት ተመልሳ የኢሎናን ጽሑፍ ከፈተች። ብዙ ሳትደክም አገኘችው። አንዲት መስመር፣ ከጎኗ በጀርመንኛ ማስታወሻ አላት። «ከአሥራ ሁለት በላይ የተጻፈ ወር ስሕተት ስለሆነ ይጣላል።»

ሴረሙ የገባው ጳጉሜን ሁለት ነበር።

መጀመሪያ ኢሎናን ረገመቻት፤ ከዚያ አፈረች። ድሬስደን በገባች ሰሞን፣ በተማሪዎቹ ማዕድ ቤት፣ «በእኛ አገር ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር ነው» ብላ ጠረጴዛው ሙሉ ስቆባታል። ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አላለችም። የኢሎና አሮጌ ጽሑፍ የወሩን ቁጥር አይመረምርም ነበርና፣ ዚነት በዚያች ቀዳዳ ጳጉሜንን እንደ ኮንትሮባንድ ስታሾልክ ኖረች። አሁን ኢሎና ቀዳዳ አየች፣ ደፈነች። በቀዳዳው የሚገባ ሰው መኖሩን ማን ነገራት?

«የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ» አለ ዑግባድ ነገሩን ስታስረዳው፣ «ዝናቡ የዘነበው ድሬ ላይ አይደለም። ሐረርጌ ተራራ ላይ ነው። ታዲያ ወንዝ ዳር ቤት የሠራ ሰው ቀና ብሎ ያያል እንጂ ተራራውን አይሰድብም።»

ጓድ አየነው ከስብሰባ ሲመለስ ቀጥታ ወደ እሷ መጣ።

«ጓድ ዚነት፣ ዲስኬቶቹ ታሸጉ?»

«አልታሸጉም። ሦስተኛው እትም አይወጣም።»

ምክንያቱን ሰማና ትከሻውን ሰበቀ። «ነሐሴ ሠላሳ ብለሽ ጻፊው። ለአምስት ቀን አብዮቱ ይቁም?»

«ዘንድሮ ስድስት ነው።»

«እሺ፣ ለስድስት!»

«ደመወዝ የሌላት ወር!» አለ ዑግባድ ከጀርባ። «ቀኗንም እንቀማት?»

«አንተ ዝም በል!» አየነው ወደ ዚነት ዞረ። «አሮጌውን ታቅፎ መቅረት የአድኃሪ ሥራ ነው። እዚያ ያሉት ምሁራን ያሻሻሉትን አንቺ ማን ነሽ የምትመልሺው?»

«ሴረሙ የገባው ጳጉሜን ሁለት ነው፤ የእርስዎ ፊርማ ያለበት የርክክብ ወረቀትም እንዲያ ይላል። እኔ ነሐሴ ሠላሳ ካልኩ ከሁለታችን አንዳችን ዋሽተናል።»

አየነው ፊቱ ጠቆረ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ዲስኬት እጄ ላይ እንዲሆን። አለበለዚያ ከዚህ ማሽን ፊት አትቀመጪም።»

ቀትር ሆነ። ድሬዳዋ መስኮቷን ዘግታ ተኛች። ቡልቻ በረንዳው ላይ ቀረ፤ ዑግባድ ጆንያ በውኃ ነክሮ መስኮቱ ላይ ሰቀለላትና እሱም ወደ ቤቱ ሳይሄድ ቁጭ አለ። ዚነት የኢሎናን አዲሱን ክፍል አውጥታ አሮጌውን መለሰች። ግን እንደ ድሮው አልተወችውም። አሥራ ሦስተኛ ወር፣ አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት ብላ በግልጽ ጻፈችበት፤ ከጎኑም ስሟን። ላቧ የቁልፍ ሰሌዳው ላይ ተንጠባጠበ። «ለሥራዬ ነው ወይስ ለእልኼ?» ብላ ራሷን ጠየቀች፤ መልሱን ሳታገኝ የዑግባድን ካርዶች አንድ በአንድ ከማሽኑ ጋር አስተያየች። ሴረሙ ተገኘ። ጳጉሜን ሰባት ብላ ስትሞክር ማሽኑ እምቢ አለ። «ጎበዝ» አለችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አየነው ሦስቱን ዲስኬቶች አንስቶ የተለጠፈውን አነበበ። «ሁለተኛ እትም፣ ከእርማት ጋር። የቀን ክፍሉ አሮጌው ነው፤ ምክንያቱ ውስጥ ተጽፏል።»

«ሦስተኛ በይው። ማን ያውቃል?»

«የሚቀበሉት ያውቃሉ። ከፍተው ያነቡታል። አዲሱን ውስጡን ሳልመረምር አንድ ጊዜ ተቀብያለሁ፤ ሁለተኛ ስሜን አልጽፍበትም።»

«ለቁጥጥር ኮሚቴ እጽፍብሻለሁ።»

«ይጻፉ። የዛሬን ቀን ግን እንዳይረሱ።»

ዑግባድ ሳል ያዘው። አየነው አንዴ እሷን፣ አንዴ ሰዓቱን አየ፤ የመላኪያው ሰዓት ደርሶ ነበርና፣ ባዶ እጁን ከመቅረት ብሎ ዲስኬቶቹን ይዞ ወጣ።

ማተሚያው ተንጫጫ። ቡልቻ ወረቀቱን ተቀብሎ «02.13.79» የምትለውን መስመር ሳያስተውላት ፈረመ፤ ሃያ ብልቃጥ በበረዶ ሣጥኑ ይዞም የቢዮ አዋሌ መኪና ሳያመልጠው ሮጠ። ዚነት የእርማቱን ግልባጭ በፖስታ አሸገች። ለኢሎና የጻፈችው አጭር ነበር። «በእኛ አገር ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር ነው። ያኔ ልነግርሽ ሲገባኝ ፈርቼ ዝም አልኩ። አሁን ይኸው፣ ተጽፏል። ከአንቺው ጽሑፍ ጋር ብትቀላቅይው ለሁላችንም ይሆናል፤ ባትፈልጊም ከእኛ ፕሮግራም አይወጣም።»

በጥቅምት ኮሚቴው ፊት ቀረበች። አየነው ዲስኬቶቹን በወሰደበት ዕለት የጻፈውን የክስ ደብዳቤ ሰብሳቢው አነሣና የምትለው እንዳለ ጠየቃት።

«አለኝ» አለች ዚነት። «መጀመሪያ ግን፣ የተጻፈበትን ቀን ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።»