ወርቁ ላይ የተደረበው ብር

ማቴዎስ እህቴን ሣራን ለማግባት ሽማግሌ ከላከ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሚወራው ስለ ጣቱ ብቻ ሆነ። አንዱ ጣቱ ላይ ሁለት ቀለበት ያደርጋል። ከሥር ወርቅ፣ ከላይ ብር።

"ወንድ ልጅ አንዱም አያስፈልገው፤" አለ አባዬ። ሰባኪ ነው፤ መንግሥት ቤተ ክርስቲያናችንን ካሸገው ወዲህ ስብከቱን ሁሉ የሚጨርሰው እኛ ላይ ነው። "ወርቅና ብር ደባልቆ የሚሄድ ወንድ ደግሞ ጭራሽ አልገባኝም።"

"እኔ ገብቶኛል፤" አለች እማዬ። "ወርቁ የቃል ኪዳን ነው። የሆነ ቦታ ሚስት አለችው። ብሩን የደረበው እንዳያስታውቅበት ነው።"

"ለመደበቅ ከሆነ አያወልቀውም?" አለች ሣራ።

"እምቢ ብሎት ይሆናላ፤" አልኩ። ሣራ አፈጠጠችብኝ። መልሱ የሚሰጠው እሁድ ነው፤ እሺ እንዲባልላት እየጸለየች እንደሆነ አብሬያት ስለምተኛ አውቃለሁ።

ቅዳሜ ማቴዎስ እኛ ቤት ምሳ ተጠራ። እጅ ማስታጠብ የኔ ሥራ ስለሆነ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዤ ፊቱ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ ቀለበቱን ያውልቁት። ሳሙና ያበላሸዋል።"

"ግድ የለም፣ ለምዶታል።"

"ሥሩ ግን አይጸዳም፤" አልኩና ውሃውን ማፍሰስ አቆምኩ። ሁለት እጁ አረፋ እንደሆነ ቀረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እማዬ ትቆነጥጠኝ ነበር፤ ዛሬ እሷም ጣቱን ታያለች።

ብሩን ታግሎ አወለቀው፤ ጠባብ ነው። ወርቁ ግን ማንም ሳይነካው ተንሸራቶ ሳፋው ውስጥ ገባ። አነሳሁትና አውራ ጣቴ ላይ አጠለቅኩት። እዚያም ሰፋኝ።

"ይሄማ በእርስዎ ልክ አልተሠራም፤" አልኩ። "ብሩን የደረቡት ወርቁ እንዳይወድቅ ነው።"

"የማን ነው?" አለ አባዬ። ሌባ የያዘ ነው የሚመስለው።

"የወንድሜ የአሳምነው። ሰሜን ዘምቷል።"

"ሚስት የለውም?"

"አለችው። ሞርሲቶ ከተማ ነው የምትኖረው።"

"ታዲያ ለሷ አይሰጣትም ነበር?" አለች እማዬ።

ማቴዎስ እጁ ላይ የደረቀውን አረፋ ያያል። "እሱ አይደለም የሰጠኝ። አብሮት የነበረ ወታደር ነው ያመጣልኝ።"

እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔም ገባኝ።

"ያኔ አራስ ነበረች፤" አለ። "ለአራስ መርዶ እንዴት ይነገራል? ትንሽ ትጠንክር አልኩ። ቤት እንዳላስቀምጠው ድንገት መጥታ ታገኘዋለች። እሷ ጋ ስሄድ ኪሴ እከተዋለሁ።"

"ልጁ አሁን ምን ያህላል?" አልኩ።

"ይሮጣል።"

ሣራ ይሄኔ ከጓዳ ወጣች። ለካ መጋረጃው ጀርባ ሆና ስትሰማ ነበር።

"ይመጣል ብላ እየጠበቀችው ነው?"

"አዎ።"

"ነገ እኔንም እንደዚህ ልታደርገኝ ነው?"

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "እሁድ ወደዚህ የሚመጡት ሽማግሌዎች ለመርዶው ሞርሲቶ ይሂዱ። ሳይነጋ እንነሳለን፣ እኔም አለሁበት። የሣራ ነገር ከለቅሶው በኋላ ይታያል።"

ማቴዎስ ወርቁን እንድሰጠው እጁን ዘረጋ። ሣራ ቀደመችው፤ ከአውራ ጣቴ ላይ መንጭቃ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

"ይሄን እኔ ይዤላት እሄዳለሁ፤" አለችው። "የምትነግራት ግን አንተ ነህ።"